የኔልሰን ዓይን፣ የአማርኛ ጆሮ

ተርጓሚዋ የአንድ እንግሊዝኛ ዘጋቢ ፊልም የግርጌ ጽሑፍ እየሠራች ነው። በስክሪኑ ላይ የኬላ ጠባቂዎች ቆመዋል፤ ሊያስቆሙት የሚገባ ጭነት በፊታቸው ያልፋል፤ ተራኪው ስለ እነሱ «ተርን ኤ ብላይንድ አይ» አለ። ቃል በቃል ብትሄድ «ዕውር ዓይን አዞሩ» ሊሆን ነው። ተመልካቹ የማን ዓይን ወዴት እንደዞረ ሲያሰላስል ፊልሙ ጥሎት ይሄዳል።

«ጭነቱን አላዩም» ብላ ጻፈች፤ ወዲያው ሰረዘችው። ጥፋታቸው ማየታቸው ነዋ! «አላዩም» ካለች በነጻ ለቀቀቻቸው። «ችላ አሉ»ም አልጣማት፤ በሥራው ላይ ያንቀላፋ ዘበኛም ችላ ብሏል። እንግሊዝኛው የሚለው ዐውቆ መተውን ነው።

ብዙዎች ሐረጉን ከእንግሊዙ አድሚራል ሆራሺዮ ኔልሰን ጋር ያያይዙታል። ኔልሰን በ1794 እ.ኤ.አ. ኮርሲካ ውስጥ፣ በካልቪ ከበባ፣ የቀኝ ዓይኑን ብርሃን አጣ። ኤፕሪል 2 ቀን 1801 እ.ኤ.አ. ኮፐንሃገን ላይ ከዴንማርኮች ጋር ሲታኮስ ደግሞ አለቃው ሰር ሃይድ ፓርከር ከሩቅ ሆኖ «ውጊያውን አቁሙ» የሚለውን ባለ 39 ቁጥር ምልክት አሰቀለ። እንደሚተረከው፣ «ኤሌፋንት» በተባለችው መርከብ ላይ የነበረው ኔልሰን የሩቅ ማያ መነጽሩን በማያየው ዓይኑ ላይ ደግኖ «ምልክቱ አይታየኝም» አለ። ውጊያውን ቀጠለ፤ አሸነፈም። ሸጋ ታሪክ ነው፤ የሐረጉ አባት ግን አይደለም። የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ሐረጉን ያገኘው በ1698 ጽሑፍ ላይ ነው፤ ኔልሰን ሊወለድ ገና 60 ዓመት ሲቀረው።

ተርጓሚዋን የደነቃት ሌላ ነገር ነው። የኔልሰን ድርጊት በአማርኛ ቢወራ ዓይን አይነሣም። የአለቃውን ትእዛዝ አልሰማ ያለ ሰው «ጆሮ ዳባ ልበስ አለ» ነው የሚባለው። ዳባ መናኞች የሚለብሱት የለፋ ቆዳ ነው፤ ጆሮን እሱን አልብሶ መቀመጥ! ለጠባቂዎቹስ ይሆናል? አቤት ያለባቸው ሰው ቢኖር ኖሮ ይሆን ነበር። ማንም አልጮኸባቸውም፤ ጭነቱ ዝም ብሎ በፊታቸው አለፈ።

ደግሞ እንግሊዝኛው ይህንኑ ሐረግ ልጇ ስኳር ሲሰርቅ አይታ ፊቷን ወደ ጀበናው ለምታዞር እናትም ይሰጣል። እዚያ ላይ ወቀሳው ቀርቶ ፍቅር ይሆናል። ለእሷ «እንዳላየች ሆነች» ይበቃታል።

አጠገቧ የተቀመጠው ወጣት ባልደረባዋ «‹ላሽ አሉት› በይው» አላት። ሳቀች። የአራዳ ቋንቋ ለጠባቂዎቹ ሳይመጥናቸው አልቀረም፤ የተራኪው ድምፅ ግን የሽማግሌ ነው።

በመጨረሻ «አይተው እንዳላዩ አለፉ» ብላ ጻፈች። «ጠባቂዎቹ» የሚለውን ቃል አስቀረችው፤ ሰዎቹ እዚያው ስክሪኑ ላይ አሉ፤ አንደኛው በጭነት መኪናው ጎን ቆሞ ስልኩን እየነካካ።