አጥንቱ ዝም ሲል

የንጉሥ መልክ በብር ላይ የሚቀርጽ ባለሙያ ንጉሡን አይቶ ይሠራል፤ ንጉሡ ካልተመቸው ፎቶግራፉ አለ። ከ166 ሚሊዮን ዓመት በፊት የሞተ አውሬ ለሚቀርጽ ሰው ግን ያለው አጥንት ብቻ ነው፤ እሱም ሙሉ ሆኖ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። የመንጋጋ ስባሪ፣ ጥቂት ጥርስ፣ አንድ የጭን አጥንት ይደርሰዋል። ቆዳውን፣ ጡንቻውን፣ የዓይኑን ቆብ፣ አቋቋሙን የሚወስነው ራሱ ነው። ሳይንቲስት በጽሑፉ “ምናልባት” ማለት ይችላል። ብር ላይ “ምናልባት” የለም፤ መስመሩ ወይ ተቀርጿል ወይ አልተቀረጸም።

እጄን የፈታሁት አዲስ አበባ ፒያሳ፣ መስቀልና ቀለበት በሚሠራበት አንጥረኛ ቤት ነው። አሁን ለንደን ውስጥ የሜዳሊያ ቅርጽ እሠራለሁ። ከምድር የጠፉ እንስሳት ያሉባቸውን የብር ሳንቲሞች የምሰበስበው ለዚህ ሙያ ከባዱ ፈተና እነሱ ስለሆኑ ነው። ሰብሳቢዎች ስንገናኝ ብዙ ጊዜ የምናወራው ስንት ታተመ፣ ስንት ያወጣል የሚለውን ነው። ይህም ነገር ነው፤ ሰው ገንዘቡን ያወጣበታል። ለእኔ ግን ጥሩው ሳንቲም ከደካማው የሚለየው ሌላ ቦታ ላይ ነው፦ አጥንቱ ዝም ባለበት ላይ ቀራጩ ምን አደረገ?

ሮያል ሚንት የተባለው የብሪታንያ ሳንቲም ማተሚያ ቤት በ2020 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች ካልገለጽኩ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሦስት ባለ 50 ፔንስ የዳይኖሰር ሳንቲሞች አወጣ፤ ለሰብሳቢዎች በብርም ታትመዋል። እንስሳቱ ሜጋሎሳውረስ፣ ኢጉዋኖዶን እና ሃይሌኦሳውረስ ናቸው። ምርጫው በዘፈቀደ አልነበረም። ተመራማሪው ሪቻርድ ኦወን በ1842 “ዳይኖሰር” የሚለውን ስም ያወጣው እነዚህን ሦስቱን ይዞ ነው። ሥዕሉን የሠራው የጥንት እንስሳትን በመሳል የታወቀው ሮበርት ኒኮልስ ሲሆን፣ የለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አብሮት ሠርቷል።

ከሦስቱ ስለ እያንዳንዱ የሚታወቀው እኩል አይደለም። ሜጋሎሳውረስን ዊልያም ባክላንድ በ1824 ለዓለም ሲያስተዋውቅ በእጁ የነበረው ዋና ማስረጃ ኦክስፎርድ አጠገብ ከስቶንስፊልድ የወጣ፣ ጥርስ ያለበት የታችኛው መንጋጋ ቁራጭ ነበር። ከዚያ ተነሥቶ እንስሳውን ከ12 ሜትር የሚበልጥ እንሽላሊት አደረገው፤ የዛሬዎቹ ተመራማሪዎች ከ9 ሜትር አያሳልፉትም። የሃይሌኦሳውረስ ዋናው ቅሪት ደግሞ የፊተኛው ግማሽ አካል ብቻ ነው፤ ጌዲዮን ማንቴል በ1832 ያገኘው ያው የድንጋይ ጥርብ እስካሁን በዚያው በለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ አለ። ይህ ማለት በሳንቲሙ ላይ ከወገብ ወደ ኋላ የምናየው ሁሉ ጋሻ ለባሽ ከሆኑት ዘመዶቹ የተዋሰ ነው። መዋስ ነውር የለበትም። ከማን እንደተዋሱ ማወቅ ግን ግድ ነው፤ እሾሁ የተወሰደው ከቅርብ ዘመድ ነው ወይስ ለዓይን ስላማረ ብቻ የተጨመረ ነው?

ኢጉዋኖዶን ለዚህ ሙያ የሚሰጠውን ትምህርት ሌላ እንስሳ አይሰጥም። ማንቴል ስሙን በ1825 ሲያወጣለት መነሻው ጥርስ ነበር፤ ጥርሱ ኢጉዋና የሚባለውን እንሽላሊት ጥርስ ስለሚመስል። በኋላ አንድ ሾጣጣ አጥንት ተገኘና አፍንጫው ላይ እንደ አውራሪስ ቀንድ ተቀመጠ። ቀራጩ ቤንጃሚን ዋተርሃውስ ሆኪንስ በ1854 ለንደን ክሪስታል ፓላስ ለተባለው ቦታ ከሠራቸው ግዙፍ ምስሎች አንዱ የሆነው ኢጉዋኖዶን ዛሬም በአራት እግሩ፣ ቀንዱን አፍንጫው ላይ ይዞ ቆሟል። በ1878 ቤልጅግ ውስጥ በርኒሳር በምትባል ቦታ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ከመሬት በታች 322 ሜትር ላይ ከ30 በላይ ኢጉዋኖዶኖች አገኙ፤ ብዙዎቹ አጥንታቸው እንደተያያዘ ነበር። ሉዊ ዶሎ አጥንቱን ሲያጠና ያ ቀንድ የእጅ አውራ ጣት ሆኖ ተገኘ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ዶሎ እንስሳውን እንደ ካንጋሩ በሁለት እግሩ ቀጥ አድርጎ፣ ጭራውን መሬት አስነክቶ አቆመው። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1980፣ ዴቪድ ኖርማን አጥንቱን እንደገና አጥንቶ ጭራው በደረቁ ጅማቶች ስለታሰረ እንደዚያ ሊታጠፍ እንደማይችል አሳየ። ጀርባው አግድም፣ ጭራው ከኋላ ቀጥ ያለ፣ ብዙ ጊዜም በአራት እግሩ የሚሄድ እንስሳ ሆነ። ስለዚህ ማንኛውም የኢጉዋኖዶን ሳንቲም እጄ ሲገባ መጀመሪያ አውራ ጣቱን፣ ቀጥሎ የጭራውን መነሻ አያለሁ። ሁለቱ ቦታዎች ቀራጩ ያነበበውን መጽሐፍ ዕድሜ ይነግሩኛል።

አሁን ወደ ብሩ ልግባ። የብሩ ባለ 50 ፔንስ ስፋቱ 27.3 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 8 ግራም ነው። ቅርጹ ከመደቡ ከፍ የሚለው ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው። በዚህች ከፍታ ውስጥ የቅርቡ እግር ከሩቁ እግር መቅደም፣ ሆድ መንዘርጠጥ፣ አንገት ወደ ተመልካቹ መዞር አለበት። እንደ ሐውልት ከሥር ፈልፍሎ መግባት አይቻልም፤ የማተሚያው ብረት ብሩን ከመታ በኋላ ተላቆ መውጣት ስላለበት እያንዳንዱ ጠርዝ ወደ ውጭ መዝመም ይኖርበታል። ጥልቀቱ በማታለል ነው የሚመጣው፦ የቅርቡን ጠርዝ ስለት ታወጣለታለህ፣ የሩቁን ወደ መደቡ ታሟሟዋለህ። ዱሮ ይህ በትልቅ የጀሶ ገበታ ላይ ተሠርቶ በማሳነሻ ማሽን ወደ ብረት ይወርድ ነበር፤ ዛሬ አብዛኛው በኮምፒውተር ይቀረጻል። እኔ አሁንም ጀሶውን እመርጣለሁ፤ ጣት ሲዳስሰው ዓይን ያለፈውን ጉብታ ያገኛል።

ቆዳውን እንመልከት። ኢጉዋኖዶን 10 ሜትር ያህል ይረዝማል እንበል፤ ሳንቲሙ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቦታ አለው። 500 ጊዜ አንሷል ማለት ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቅርፊት በዚህ ልክ 0.02 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ከሰው ፀጉር ውፍረት ያንሳል። እንግዲህ በሳንቲም ላይ በዓይናችን የምንቆጥረው ቅርፊት ሁሉ፣ በእውነተኛው እንስሳ ልክ ቢሰላ፣ ከእውነተኛው ቅርፊት በብዙ የሚበልጥ ነው። ብዙ ቀራጮች “ተሳቢ ነው” ለማለት ቅርፊት ይደረድራሉ። እኔ ቆዳውን በእጥፋቱ፣ በአንገቱ ሽብሽብና በብብቱ ልቅነት የሚያሳየውን እመርጣለሁ። እጥፋት በዚህ ልክ ይታያል፤ ክብደትንም ይናገራል።

ሌላው ቀለም ነው። ኒኮልስ በ2016 ከብሪስቶል ዩኒቨርሲቲው ያኮብ ቪንተር ጋር ሆኖ ሲታኮሳውረስ የሚባለውን ትንሽ የቻይና ዳይኖሰር ሙሉ ምስል ሠርቷል። የዚያ እንስሳ ቆዳ ከነቀለሙ ርዝራዥ ድንጋይ ላይ ቀርቷል፤ ጀርባው የጠቆረ፣ ሆዱ የነጣ ነበር። ዛሬ ባሉ ብዙ የዱር እንስሳት ላይም ያለ ነገር ነው፤ ብርሃን ከላይ ሲወርድ ጀርባን ያበራል፣ ሆድን ያጨልማል፣ የእንስሳው ቀለም ይህንን አጣፍቶ አካሉን ዝርግ ያስመስለዋል፤ አዳኝም አያየውም። ይህን ሳነብ ሥራዬን ቁጭ ብዬ አሰብኩት። እንስሳው ጥላውን ለማጥፋት የለበሰውን ልብስ እኛ አውልቀን በጥላ ብቻ እንስለዋለን። ብር ላይ ጀርባው ያበራል፣ ሆዱ ይጨልማል፤ በዱር ተሰውሮ የኖረው ሁሉ ይገለጣል።

ለዚህ ነው በብር ላይ ቀለም የታተመባቸውን ሳንቲሞች የማልገዛው። ከእነዚያው ሦስቱም ባለቀለም የብር እትም አለ፤ ልጆች እንደሚወዱት አውቃለሁ። የሜጋሎሳውረስን ቀለም ግን የሚያውቅ የለም፤ ቀለሙ ማስረጃ የሌለው ቃል ይጨምራል፣ ቀራጩ የደከመበትን ጥላም ይሸፍናል።

የበረዶ ዘመን እንስሳት ሌላ ዓለም ናቸው። በጋና ስም ከ2019 ጀምሮ የወጣ፣ የበረዶ ዘመን ግዙፋን እንስሳትን የያዘ ባለ አንድ አውንስ የብር ሳንቲም አለ፤ የመጀመሪያው ማሞዝ ነው። ፀጉራም ማሞዝ የአፍሪካን ምድር ረግጦ አያውቅም፤ አገሮች ለሰብሳቢዎች በሚታተም ሳንቲም ላይ ስማቸውን መስጠታቸው የተለመደ ስለሆነ ይህን አውቃችሁ ግዙ። ማሞዝ ለቀራጭ ደግ ነው። ሳይቤሪያ በረዶ ውስጥ ከነሥጋው፣ ከነፀጉሩ ተገኝቷል። ጆሮው ከዝሆን ጆሮ በጣም እንደሚያንስ እናውቃለን፤ ትልቅ ጆሮ ያለው ማሞዝ ካያችሁ ሠሪው ዝሆን ፀጉር አልብሷል ማለት ነው። የመጨረሻዎቹ በራንጌል ደሴት የሞቱት ከ4,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ ያኔ የጊዛ ፒራሚዶች ቆመው ነበር።

ግዙፉ አጋዘን ሜጋሎሴሮስ ግን ልቤን ይነካዋል። የቀንዱ ስፋት ከጫፍ እስከ ጫፍ 3.6 ሜትር ይደርሳል። ትከሻው ላይ ጉብታ እንደነበረው፣ ጉብታውም ጠቆር ያለ እንደሆነ ያስረዱን ፈረንሳይ ውስጥ ሾቬና ኩኛክ በተባሉ ዋሻዎች የቀሩት ሥዕሎች ናቸው። ሥጋና ፀጉር ይበሰብሳል፤ አጥንቱ ሊናገር ያልቻለውን፣ እንስሳውን በዓይኑ ያየ ሰው በከሰል ጽፎ አቆየው። ያ ሰው የሙያ አባታችን ነው። ጉብታውን የዘለለ ሳንቲም እሱን አልሰማም።

ስለ አያያዝ አንድ ነገር ብቻ፦ የብር ሳንቲም አትወልውሉ። አየር ውስጥ ያለው ድኝ ያጠቁረዋል፤ ጥቁረቱ ግን ከጭረት ይሻላል። ጠርዙን ይዛችሁ አንሡት፣ መደቡን በጣት አትንኩ።

የእኛ አገር በ1970 ዓ.ም. የዱር እንስሳት ጥበቃን ለመደገፍ ሳንቲሞች አውጥታ ነበር፤ የደጋ አጋዘንና ጺማሙ ጥንብ አንሳ በብር፣ ዋልያ በወርቅ። ሁሉም ዛሬም ያሉ እንስሳት ናቸው። ከምድር የጠፉትም በአፈራችን ውስጥ ሞልተዋል። ኦሞ ሸለቆ ውስጥ ጥርሶቹ ከታችኛው መንጋጋ ወደ መሬት የሚቆለመሙት ዲኖቴሪየም ተገኝቷል። ኦሞና ኮንሶ ላይ ደግሞ የጭላዳ ዝንጀሮ የጠፋ ዘመድ፣ ቴሮፒቴከስ ኦስዋልዲ አለ፤ ከዛሬው ጭላዳ በብዙ ይገዝፋል። ጭላዳ የዚያ ወገን ብቸኛ ቀሪ ነው፤ የሚኖረውም ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። ቀራጩ አጥንቱን ሙዚየም አይቶ ሰሜን ተራሮች ላይ አቀማመጡን፣ ሣር አነቃቀሉን፣ የጎፈሩን አወዳደቅ ከሕያው ዘመዱ ማጥናት ይችላል። ደረቱ ላይ ያለው ፀጉር አልባ ቦታ በጠፋውም ላይ ነበር ወይ የሚለውን አጥንት አይመልስም፤ እኔ ብሆን ክንዱን ከደረቱ ፊት አሳልፌ ጥያቄውን ክፍት እተወዋለሁ።

ብሔራዊ ባንክ ዳግም የመታሰቢያ ሳንቲም ሲያስብ የጠፉትንም ያስታውስ እላለሁ። አጥንቱ አገራችን ውስጥ አለ፤ ብር መቅረጽ የሚችል እጅም አለ። ሥዕሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በቅሪተ አካል ተመራማሪና በአንጥረኛ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይሠራ።