«የእሳት እራት» እና «ተምች»፦ በነፍሳት ስያሜ ላይ የቀረበ ትችት

በሕዝብ አፍ ያማረ ቃል ሁሉ ለሙያዊ ቃልነት ይበቃል ማለት አይደለም። «የእሳት እራት» የሚለው ስያሜ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ቃሉ የተገኘው ከጠባይ ነው፤ በኩራዝ ዙሪያ ሲሽከረከር ቆይቶ ነበልባሉ ውስጥ የሚገባውን ባለ ክንፍ ፍጥረት የተመለከተ ሰው፥ እሳት ማታ የሚመገበው ነው ሲል ሰየመው። ከዚህ የተሻለ ስም ማውጣት ያስቸግራል። ነገር ግን ተርጓሚዎችና የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጆች ይህንኑ ስም ወስደው የእንግሊዝኛው «ሞዝ» ቁርጥ አቻ አድርገው ሲሠሩበት፥ ቃሉ ያልተፈጠረለትን ሸክም እንዲሸከም ይገደዳል።

ስያሜው የት ድረስ እንደሚያስኬድ ለመፈተን ከአገራችን እጅግ የራቀ ምሳሌ እንውሰድ። በግሪንላንድና በሰሜን ካናዳ ቱንድራ ጊናፎራ ግሮንላንዲካ የሚባል ዝርያ ይኖራል፤ ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው በ1874 እ.ኤ.አ. ነው። ፀጉራም እጩ የእኛን አባ ጨጓሬ ይመስላል። የእጭነት ዘመኑ 14 ዓመት ይፈጃል ተብሎ ይታመን ነበር፤ በኋላ የተደረገ ጥናት ወደ 7 ዓመት አውርዶታል። ከዚህም ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ በብርድ ደርቆ ያሳልፈዋል። ክንፍ አውጥቶ ጉልምስ የሚሆነው ለአጭር ጊዜ፥ ያውም ፀሐይ በማትጠልቅበት ወራት ነው። እንግዲህ ጨለማ በሌለበት ወቅት በቀን የሚበረውን፥ ኩራዝ አይቶ የማያውቀውን ፍጡር «የእሳት እራት» ብንለው ምን አልን ማለት ነው? ጉልምሱ ራሱ እንኳ ምግብ የማይቀምስ ስለ ሆነ፥ ከስሙ ውስጥ እሳቱም እራቱም ይጎድሉታል።

ከዚሁ ምሳሌ ሳንወጣ ሌላም ወጥመድ አለ። ተርጓሚው «ክረምቱን በበረዶ ውስጥ ያሳልፋል» ብሎ ቢጽፍ፥ የወሎ አንባቢ የሚረዳው የሐምሌን ዝናብ እንጂ የሰሜኑን ብርድ አይደለም። «ቱንድራ»ንም «ውርጭ» ብለን እንመልሰው የሚሉ አሉ። በእኛ ዘንድ ውርጭ ከደጋ በላይ ያለው አገር ነው፤ ሌሊት ይቆረፍዳል፥ ረፋዱ ላይ ግን ፀሐይ ያሟሟዋል። ቱንድራ ግን ምድሩ ለወራት እንደ ደነደነ የሚቆይ፥ ከሥሩም ዓመቱን ሙሉ የማይቀልጥ ነው። ስለዚህ «ቱንድራ» በውሰት ቢቀር ይሻላል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ከሐይቅ ዳርቻ ተነሥቶ ወደ አምባሰል ተራሮች የሚወጣ ሰው በአንድ ቀን መንገድ ብዙ ዓይነት አየር ያልፋል፤ ሰብሉም ተባዩም ከከፍታው ጋር ይለዋወጣል። የገበሬውን ቃላት ስንመረምር አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። ተምች፥ አባ ጨጓሬ፥ ጓይ ትል፥ አገዳ ቆርቁር፥ እነዚህ ሁሉ የእጭ ስሞች ናቸው፤ የሚነግሩን የሚያደርሱትን ጉዳት ወይም መልካቸውን ነው። በሌሊት የሚበረው ወላጃቸው ግን፥ የየትኛውም ይሁን የየትኛው፥ የወል ስሙ ያው «የእሳት እራት» ነው። ቋንቋው አንዱን እንስሳ በዕድሜው ሁለት ቦታ ከፍሎ ሁለት ስም ሰጥቶታል፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ዝምድና የሚናገር ቃል ግን አልተወም። ይህ የገበሬው ጉድለት አይደለም፤ ሊያውቀው የፈለገው ማሳውን የሚበላውን ነበርና።

ጉድለቱ የሚመጣው ሙያተኛው ይህን ክፍተት ሳያስተውል ሲናገር ነው። የተምች ትንበያ የሚሠራው የሴቷን ጠረን በሚያስመስል ወጥመድ ሲሆን፥ በወጥመዱ የሚያዘው ባለ ክንፉ ወንድ ነው። «በወጥመድ ተምች ተያዘ» የሚል ማስታወቂያ የሰማ ገበሬ ወደ ማሳው ወርዶ ትል ይፈልጋል፤ ያጣና ይመለሳል፤ ማስታወቂያውን ሐሰት ነው ይላል። እንቁላሉ የሚፈለፈለው ግን ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው፤ ከዚያም በኋላ ያሉት ቀናት እጩ ገና ትንሽ ሳለ ለመከላከል የሚመቹት ናቸው። እነዚህ ቀናት የሚባክኑት በመድኃኒት እጥረት ብቻ ሳይሆን በአንድ ቃልም ጭምር ነው።

ከሁሉም ይልቅ ሊተች የሚገባው «የአሜሪካ መጤ ተምች» የሚለው ስያሜ ነው። ስፖዶፕቴራ ፍሩጂፔርዳ በአገራችን መጀመሪያ የታየው በ2009 ዓ.ም. በሸካ ዞን በየኪ ወረዳ በበቆሎ ላይ ሲሆን፥ ወዲያው ወደ ሌሎች ክልሎች፥ ወደ አማራ ክልልም ተዛመተ። ስሙ በችኮላ ወጣ፤ አስቸኳይ ነበርና በዚህ አንፈርድም። «አሜሪካ» የሚለው ክፍል እውነት ነው፤ በእንግሊዝኛው ያለውን የመጸው ወራት ስም ሳይተረጉሙ መተዋቸውም አስተዋይነት ነው፤ በእኛ አገር ትርጉም አይሰጥም ነበርና። «መጤ» የሚለው ግን ቃሉ ከጊዜ ጋር ያረጃል፤ ገብቶ የሰፈረ፥ ዓመት ከዓመት የሚራባ ተባይ እስከ መቼ መጤ ይባላል? ከዚህ የሚብሰው «ተምች» ነው። ነባሩ ተምች፥ ስፖዶፕቴራ ኤግዜምፕታ፥ ሲፈላ ጠቁሮ በመንጋ ይወርዳል፤ ሣሩንና ቡቃያውን ጠርጎ ይሄዳል። ተምች የሚለው ቃል በሰሚው ልቡና የሚቀሰቅሰው ይህንኑ መንጋ ነው። የአሜሪካው ግን ብዙውን ጊዜ በበቆሎው እምብርት ተሸሽጎ፥ በአንድ ተክል አንድ ወይም ሁለት ሆኖ ይበላል። መንጋ የሚጠብቅ ዓይን እርሱን አያይም። ሁለቱ በሳይንስ የአንድ ወገን አባላት መሆናቸው ስያሜውን በሙያ ረገድ ትክክል ያደርገዋል፤ በማሳ ግን አሳሳች ነው።

መለያ ምልክቱም ቢሆን በአማርኛ በደንብ አልተነገረም። በእጩ ራስ ላይ ያለውን ፈዛዛ መስመር «የተገለበጠ ዋይ» ማለት፥ ሀ ሁ ለቆጠረ ሰው የሌላ ሰው ፊደል ማሳየት ነው፤ ሁለት እግሩን ዘርግቶ የቆመ «ለ» ቢባል ወዲያው ይገባል። እርሱም ብቻውን አያስተማምን፤ ነባሩም ተምች ተመሳሳይ መስመር ሊኖረው ይችላል። አስተማማኙ በጅራቱ አጠገብ ባለው ስምንተኛው የሆድ ክፍል ላይ አራት ማዕዘን ሠርተው የተቀመጡት አራት ጥቋቁር ነጥቦች ናቸው።

«አገዳ ቆርቁር»ም እንዲሁ በአንድ ስም ሁለት ዝርያ ይዟል፤ ቡሴዮላ ፉስካ የአፍሪካ ተወላጅ ሆኖ ወደ ደጋው ያደላል፥ ኪሎ ፓርቴለስ ከእስያ የመጣ ሆኖ ቆላውን ይመርጣል። በማሽላ አገር ይህ ልዩነት ሊመዘገብ ይገባዋል። ስለ «ብል» ደግሞ አጭር ቃል እንበል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን የተበረከተ ወንጌል እስከ ዛሬ ያቆየ ቦታ ነው። ጨርቅ የሚበሳው ብል የአንዲት ትንሽ የእሳት እራት እጭ ሊሆን ይችላል፤ ቆዳና ብራና የሚበሉት ግን አብዛኞቹ የጥንዚዛ ዘሮች ናቸው። ሕዝቡ ሁለቱንም ብል ቢል ከጉዳቱ አንጻር እውነቱን ነው፤ የገዳም ንብረት መዝጋቢ ግን «ብል»ን በ«ሞዝ» ቢተረጉም ዕቃ ቤቱን ከተሳሳተ ጠላት ሊጠብቅ ይነሣል።

ታዲያ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ ለ«ሞዝ» የመደብ ስም መፈለጉን እንተው። በሳይንስም ቢሆን ይህ ራሱን የቻለ ክፍል አይደለም፤ ከ160,000 ገደማ ከታወቁት ዝርያዎች ቢራቢሮዎቹ ተነሥተው የቀረው ሁሉ የሚጠራበት የልማድ ስም ነው። ስም የሚያስፈልገው ቢራቢሮንም የእሳት እራትንም የሚያጠቃልለው ክፍለ መደብ፥ ሌፒዶፕቴራ ነው። በግሪክ «ሌፒስ» ቅርፊት፥ «ፕቴሮን» ክንፍ ማለት ነው። «ቅርፊተ ክንፍ» ይባል የሚል ቢኖር፥ በግእዙ አገባብ የክንፍ ቅርፊት ማለት ይሆንና ባለቤቱ ይጠፋል። የሚስማማው «ክንፈ ቅርፊት» ነው። አባቶች ክሪሶስቶሞስን «አፈ ወርቅ» ብለው ሲመልሱ የግሪኩን ቅደም ተከተል ገልብጠው ትርጉሙን አዳኑ፤ እኛም «ልበ ብርሃን» እያልን በየዕለቱ የምንናገርበት ስልት ነው። የአስተኔዎችን ስም ግን አንተርጉም። ከላይ ያነሣነው የቱንድራ ዝርያ ሊማንትሪዴ ከሚባል አስተኔ ይቆጠር ነበር፤ ዛሬ ያ አስተኔ በሙሉ ወደ ኤሬቢዴ ገብቶ ንዑስ ሆኗል። ተርጉመነው ቢሆን ኖሮ ትርጉማችን ሜዳ ላይ በቀረ ነበር።

የሕዝቡ ስሞች ባሉበት ይጽኑ፤ ነገር ግን መዝገበ ቃላቱ የዕድሜውን ደረጃ ይናገር። ለምሳሌ፦ «ተምች፤ ስፖዶፕቴራ ኤግዜምፕታ የተባለው ክንፈ ቅርፊት እጭ፤ ሣርና የእህል ቡቃያ ይበላል፤ ሲበዛ ጠቁሮ በመንጋ ይጓዛል። ጉልምሱ በሌሊት ይበራል፤ የእሳት እራት የሚለውን ተመልከት።» በ«የእሳት እራት» ሥር ደግሞ መልሶ ወደ ተምች፥ ወደ አገዳ ቆርቁርና ወደ ጓይ ትል የሚመራ ምልክት ይኑር። ለአሜሪካው «የበቆሎ እምብርት ትል» የሚል ስም በአማራጭነት ይሞከር፤ ገበሬው የት እንደሚፈልገው ስሙ ራሱ ይነግረዋል። «ብል» ግን የጉዳት ስም ስለ ሆነ፥ ከአንድ ሳይንሳዊ ስም ጋር ሳይታሰር ቢቀመጥ ይበቃዋል።