ዋልያን ያየ እጅ፦ ከጎንደር እስከ ደባርቅ የግድግዳ ሥዕልን ለመመዘን

የግድግዳ ሥዕል ለማየት ብሎ አገር አቋርጦ የሚጓዝ ሰው ዛሬ ብዙ ነው። አንዱ በርሊን ይሄዳል፤ እዚያ ከፈረሰው ግንብ በተረፈው 1.3 ኪሎ ሜትር ላይ እ.ኤ.አ. በ1990 ከብዙ አገር የመጡ ሰዓሊዎች ሥዕላቸውን አሳርፈዋል። ሌላው ሊዝበን ወይም ሳኦ ፓውሎ ይሄዳል። ዓይኑን ማሠልጠን ለሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ግን እኔ አስቀድሜ የምመክረው ከጎንደር ተነሥቶ በወለቃ፣ በኮሶዬ፣ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ደባርቅ የሚገባውን 100 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። በአንዱ ጫፍ የጎንደር ዘመን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ትምህርት አለ፤ በሌላው ጫፍ የሆቴል ግድግዳ ላይ የቆመ ዋልያ አለ። ከደባርቅ በላይ ደግሞ ዋልያው ራሱ ከነሕይወቱ ገደል ላይ ይታያል። ሥዕሉንና የተሳለውን በአንድ ቀን አስተያይቶ መፍረድ የሚቻልበት መንገድ ብዙ አይገኝም።

መነሻው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። ቤተ ክርስቲያኑን መጀመሪያ ያሠሩት ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ ናቸው። ጫማ አውልቃችሁ፣ ፈቃድ ጠይቃችሁ፣ የካሜራ ብልጭታ ሳትጠቀሙ ግቡና ቀና በሉ። ጣሪያውን የሞሉትን የመላእክት ፊቶች ማንም ያደንቃቸዋል። መመዘን የሚፈልግ ሰው ግን አንዱን ፊት ይምረጥና ከጎረቤቱ ጋር ያስተያየው። ቅንድቡ አንድ ነው? ብሌኑ ወዴት ያዘነብላል? አፉስ? አንድን ቅርጽ ደጋግሞ የሚሠራ እጅ ቶሎ ይሰለቻል፤ የሰለቸ እጅ ደግሞ መስመሩ ይፈዛል። እዚህ ጣሪያ ላይ መስመሩ አልፈዘዘም። ሥዕሉ ከታች ቆሞ አንገቱን ለሚያቀና ሰው ተብሎ ስለተሠራ ዓይኖቹ ሰፍተው፣ ዙሪያቸው በጥቁር ጠንክሮ ተከቧል። ሥዕሉን አውርዳችሁ ክንድ በሚያህል ርቀት ብታዩት ዓይኖቹ ከልክ በላይ የሰፉ ይመስሉ ነበር፤ በቦታቸው ግን ልክ ናቸው። ለመጀመሪያው መለኪያ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም፤ ጥሩ የግድግዳ ሥዕል የተመልካቹን መቆሚያ አስቀድሞ ያውቃል።

ጥንታዊው ሥርዓት ሌላም ነገር ያስተምራል። ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ይሳላሉ፤ ርኩሳንና ከሓድያን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ማንበብ ያልተማረ ምእመን ከሩቅ ሆኖ ማን ከማን ወገን እንደሆነ ይለያል። ከዚያ በኋላ፣ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን፣ ፊት በጥላ እየተሞላ፣ ጉንጭ እየቀላ፣ የልብሱ አበባና ጥለት እየደመቀ መጣ፤ ሊቃውንት ሁለተኛው የጎንደር ሥልት የሚሉት እሱን ነው። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ያስበልጣል፤ ሥጋና ደም ያለው ይመስላልና። እኔ ከሩቅ በሚታይ ግድግዳ ላይ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ጥላ ከአሥር እርምጃ በኋላ ይሟሟል፤ መስመር ግን ይቀራል።

መቅዳት ነውር አለመሆኑንም ከጎንደር እንማራለን። በ16ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ሮም ላይ ባለ ሥዕል የዐረብኛ ወንጌል ታትሞ ነበር፤ የጎንደር ዘመን ሰዓሊዎች ከእሱና ከመሰሎቹ ቀድተዋል። ሲቀዱ ግን የፈረንጁን አዳራሽና ወደ ኋላ የሚርቀውን ዓምድ ተዉት፤ ፊቱን አሰፉት፤ መደቡን በቀይ፣ በቢጫና በአረንጓዴ ከፋፈሉት። ለግድግዳቸው የማይጠቅመውን ጥለው የሚጠቅመውን ወሰዱ። ጥሩ ቅጅ ከመጥፎው የሚለየው በተጣለው ነገር ነው።

በስሜን ውስጥ፣ ከደባርቅ ርቆ በሚገኘው ደረስጌ ማርያም ይህ የመቅዳት ጥያቄ እንደገና ይነሣል። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ናቸው፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን ውቤ ተሸንፈው ቴዎድሮስ በዚያው ነገሡ። ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐርና ሰዓሊው ኤድዋርድ ዛንደር በውቤ ዘመን እዚያው አካባቢ ስለነበሩ፣ ከፈረንጅ ምን ተቀዳ፣ ምንስ ተጣለ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ጊዜ ያለው ብቻ ይሂድ።

ወደ ጎዳናው እንውጣ። በዳባትና በደባርቅ መንገድ ዳር መጀመሪያ መታየት ያለበት ፊደሉ ነው። ግድግዳና ታፔላ ላይ በእጅ የሚጻፍ ጽሑፍ የቁም ጸሐፊዎች ርስት ነው፤ ብራና ላይ በመቃ ብዕር ሲጻፍ የተለመደው የወፍራምና የቀጭን ልክ ብሩሽ ላይም መታየት አለበት። የለና የሰ እግሮች እኩል ይቆማሉ? የሳብዕና የራብዕ ምልክቶች ከሩቅ ይለያሉ? የመጨረሻው ቃል ቦታ አጥቶ ተጨናንቋል? «ምግብ ቤት» ተብሎ ተጀምሮ «ቤት» ግማሽ ያህል ከጠበበ ጸሐፊው ሳይለካ ነው የጀመረው። ጥሩ ጸሐፊ አስቀድሞ በክርና በጠመኔ መስመር ያወጣል፤ ቀረብ ብላችሁ ካያችሁ የጠመኔው ርዝራዥ አንዳንዴ ቀለሙ ሥር ይታያል። ደስ የሚል ምልክት ነው።

የትምህርት ቤት ግድግዳ ደግሞ የተለየ ፍርድ ይፈልጋል። የሰው አካል፣ የአንጀትና የሆድ ዕቃ ሥዕል፣ የኢትዮጵያ ካርታ፣ የእንግሊዝኛ ፊደል፦ እነዚህ ለውበት አልተሳሉም። ጉበቱ በትክክለኛው ወገን ከሆነና ልጁ በቁመቱ ደርሶ ማንበብ ከቻለ ሥራው ጥሩ ነው፤ ቀለሙ ቢዝረከረክ እንኳ ይቅር እላለሁ።

ግድግዳውንም ንኩት። በዚህ አገር ብዙው ቤት በጭቃና በጭድ የተመረገ ነው። ምርጊቱ በደንብ ሳይደርቅ ቀለም የጠጣ እንደሆነ የሐምሌና የነሐሴ ጉም ያሳብጠዋል፤ በጥቅምት ይላጣል። በዚህ ከፍታ ፀሐዩም ጨካኝ ነው፤ ቀዩ ቀድሞ ይሄዳል። አንድ ክረምት ያለፈውን ሥዕል ተመልከቱ፤ አዲሱን ማንም ያደምቀዋል። ጥሩ ባለሙያ ስቱኮውን አስተካክሎ፣ መደቡን ሁለት ጊዜ ቀብቶ፣ ከቆርቆሮው ክዳን ጠብታ የሚወርድበትን ቦታ ባዶ ይተዋል።

አሁን ወደ ዋልያው። ዋልያ ከስሜን በቀር በዱር የሚኖርበት ሌላ አገር የለም። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቁሞ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ ከ1996 እስከ 2017 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ነበር። የእንስሳው መልክ ከቢራ ጠርሙስና ከብሔራዊ ቡድኑ ስም ጋር አገር አዳርሷል፤ ችግሩም ከዚህ ይነሣል። ከምልክት የቀዳ ሰዓሊ የቀንዱን ቅስት ያገኘዋል፤ እንስሳውን ግን ያጣዋል። የወንዱ ቀንድ ወደ ኋላ በሰፊው ይታጠፋል፤ በፊት ለፊቱ ጉብ ጉብ ያሉ አንጓዎች አሉት። ግንባሩ ላይ የአጥንት እብጠት አለ፤ ከሌሎቹ የዱር ፍየሎች የሚለየው አንዱ ነገር ይህ ነው። የሸመገለው ወንድ ጥቁር ጺም፣ ቡናማ ጀርባ፣ ነጣ ያለ ሆድ፣ እግሮቹ ላይ የጥቁርና የነጭ ምልክት አለው። እነዚህን ሁሉ በትክክል አስቀምጦ የወደቀ ሥዕል አለ፤ ሣር ሜዳ ላይ እንደ በግ ያቆመው። ዋልያ ክብደቱን የሚይዝበት መንገድ ገደል ያስተማረው ነው። ትከሻው ላይ ውጥረት፣ ሰኮናው ሥር ቁልቁለት ካልታየ ሰዓሊው አላየውም።

ጭላዳውም ይፈትናል። ከቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ጭላዳ የተሳለበትን ግድግዳ አልፋችሁ ሂዱ። ጭላዳ ተቀምጦ ሣር በጣቱ እየነቀለ የሚበላ፣ ማታ ገደል ላይ የሚያድር እንስሳ ነው፤ ደረቱ ላይ ያለውም ቀይ ቆዳ ጸጉር የለውም። ቀይ ቀበሮ አፉ ካልቀጠነና እግሩ ካልረዘመ የሰፈር ውሻ ነው። ጅብራ እንደ ዘንባባ ከተሳለ ከፎቶ የተገመተ ነው። የስሜን ገደልም ድርብርብ ነው፤ አግድም የሚሄዱት የድንጋይ ንብርብሮች ካልታዩ የትም አገር ተራራ ይሆናል።

ግድግዳና ሥዕል ሲለያዩ ምን እንደሚጠፋ ማየት የሚፈልግ ፓሪስ ይሂድ። እ.ኤ.አ. በ1932 በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ከጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቹን አንሥቶ በምትካቸው የራሱ ሰዓሊ የሠራቸውን አኖረ። ዋናዎቹ አሁን በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። በደንብ ተጠብቀዋል፤ በዙሪያቸው ግን ማሕሌት የለም፣ ከበር የሚገባ የጠዋት ብርሃን የለም። ለቦታው የተሠራ ሥራ ሙሉ የሚሆነው በቦታው ነው ብዬ የምፈርደው ለዚህ ነው።

በደባርቅና በዳባት ያላችሁ የሆቴልና የሱቅ ባለቤቶች፦ ግድግዳችሁን ለታተመ ባነር ከመስጠታችሁ በፊት የከተማችሁን ሰዓሊ አስቡት። ሥራውን ስትሰጡት ከፓርኩ ስካውት ጋር በፓርኩ ውስጥ እስካለው የጨነቅ ሰፈር ድረስ ሄዶ ዋልያውን በዓይኑ እንዲያይ የአንድ ቀን ወጪውን ቻሉለት። ሲጨርስም ስሙንና ዓመተ ምሕረቱን ከሥዕሉ ግርጌ እንዲጽፍ ንገሩት።