ሌዘሩን ዝቅ አድርጉት

ሕያው ሕዋስ በሌዘር ማይክሮስኮፕ ለማየት የሚመጣ አዲስ ተማሪ እጁ ቶሎ የሚሄደው ጉልበቱን ወደሚጨምረው ማንሸራተቻ ነው። አልፈርድበትም። ሌዘሩ ከፍ ባለ ቁጥር አረንጓዴው ይደምቃል፤ የሕዋሱ ጠርዝም ጥርት ብሎ ይወጣል። ችግሩ ስክሪኑ ላይ እንዲህ ያማረው ሕዋስ ሳህኑ ውስጥ እየታመመ መሆኑ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ስቆይ ይበልጥ ያመንኩበት ነገር ቢኖር የጤነኛ ሕዋስ ደብዛዛ ምስል ከታመመ ሕዋስ ደማቅ ምስል የበለጠ እውነት እንዳለው ነው።

የሚታመመው በኬሚስትሪ ነው። የምንከታተለውን ፕሮቲን የሚያበራልን ቀለም የሌዘሩን ብርሃን ውጦ ረዘም ባለ የሞገድ ርዝመት መልሶ ይለቀዋል። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ በዚህ ያበቃል። አንዳንዴ ግን የተዋጠው ጉልበት ወደ ኦክሲጅን ይተላለፍና ያገኙትን ሁሉ የሚያጠቁ ውህዶች ይፈጠራሉ፤ ስብ፣ ፕሮቲን፣ ዲኤንኤ ብለው አይመርጡም። ቀለሙም ቀስ በቀስ ይሞታል። ቀለም ባይኖር እንኳ ሕዋሱ በተፈጥሮው የያዛቸው እንደ ፍላቪን ያሉ ሞለኪውሎች ሰማያዊ ብርሃን ይውጣሉ። ስለዚህ በ640 ናኖሜትር ቀይ ሌዘር ሊሠራ የሚችለውን በ488 ሰማያዊ የሚሠራ ሰው በቂ ምክንያት ሊኖረው ይገባል። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ጂኤፍፒ ነው፦ ኦሳሙ ሺሞሙራ እ.ኤ.አ. በ1962 ከጄሊፊሽ ለይቶ ያወጣው፣ ማርቲን ቻልፊ በ1994 በሌላ ፍጡር ውስጥ እንዲያበራ ያደረገው አረንጓዴ ፕሮቲን። ግማሹ ላቦራቶሪ በእሱ ላይ ስለቆመ ሰማያዊውን መተው ቀላል አይደለም።

ጉዳቱን መለየት ዓይን ይለምዳል። መጀመሪያ የማየው ማይቶኮንድሪያውን ነው። በጤነኛ ሕዋስ ውስጥ ረዣዥምና ቀጫጭን ሆኖ ይዘረጋል፣ ይገናኛል፣ ይለያያል፤ ብርሃን ሲበዛበት ይቆራረጥና ክብ ክብ ነጠብጣብ ብቻ ይቀራል። ቀጥሎ የሕዋሱ ሽፋን በየቦታው ማበጥ ይጀምራል። ከሁሉ የከፋው ግን ጸጥ ብሎ የሚመጣው ነው። ሊከፈል የደረሰ የሄላ ሕዋስ (በላቦራቶሪ የሚራባ የሰው ሕዋስ) ክብ ይሆናል፣ ክሮሞዞሞቹን መሐል ላይ ያሰልፋል፣ በአንድ ሰዓት ገደማም ሁለት ሆኖ ይወጣል። የተጎዳው ግን ክሮሞዞሞቹን አሰልፎ እዚያው ይቆማል፤ ወይም መከፈሉን ጭራሽ አይጀምርም። ምስሉ ያምራል፣ ሕዋሱም የሞተ አይመስልም። ይህን አይቶ «የማጠናው መድኃኒት የሕዋስ መከፈልን ያዘገያል» ብሎ የሚጽፍ ሰው ያዘገየው መድኃኒቱ ይሁን ሌዘሩ በምን ያውቃል?

የመሣሪያዎቹንም ታሪክ በዚሁ ዓይን አየዋለሁ፤ እያንዳንዱ ብርሃኑን የት እንደሚያባክን እየጠየቅሁ። ማርቪን ሚንስኪ በ1957 የፓተንት ማመልከቻ ያስገባበት ኮንፎካል ማይክሮስኮፕ፣ ከትኩረቱ ውጭ የሚመጣውን ብርሃን በትንሽ ቀዳዳ ይከለክላል። ድንቅ ሐሳብ ነው። ነገር ግን ቀዳዳው የሚከለክለው ወደ እኛ የሚመጣውን ብቻ ነው። ሌዘሩ አንዷን ንጣፍ ለማሳየት ሕዋሱን ከታች እስከ ላይ ያልፈዋል፤ 30 ንጣፍ ከፈለግን እያንዳንዱ የሕዋሱ ክፍል 30 ጊዜ ይበራል። የጣልነውን ብርሃን እኛ አላየነውም፤ ሕዋሱ ግን ተቀብሎታል።

ማሪያ ጎፐርት ማየር በ1931 ሁለት ፎቶኖች በአንድ ቅጽበት በአንድ ሞለኪውል ሊዋጡ እንደሚችሉ በስሌት አሳየች። ዴንክ፣ ስትሪክለርና ዌብ ደግሞ በ1990 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ይህንን ማይክሮስኮፕ አደረጉት። 100 ፌምቶሰከንድ ያህል ብቻ የሚቆይ የኢንፍራሬድ ምት ቀለሙን የሚያበራው ትኩረቱ ላይ ብቻ ነው፤ ላይና ታቹ ይተርፋል። የሕያው አይጥን አንጎል በመቶዎች ማይክሮሜትር ጥልቀት ለማየት ይህን የሚያክል የለም። ሳህን ላይ ለተዘረጋ ስስ ሕዋስ ግን አልመክረውም፤ ትኩረቱ ላይ ቀለሙ ይበልጥ ይቃጠላል፣ ጥልቀት በሌለበትም ትርፉ ትንሽ ነው። ውድ ስለሆነ ብቻ የተሻለ የሚመስላቸው አሉ።

ልቤን የገዛው ሉህ ብርሃን ነው። በጨለማ ቤት በመስኮት ስንጥቅ የገባች የጠዋት ፀሐይ በመንገዷ ያለውን አቧራ ብቻ እንደምታሳይ፣ ስስ ብርሃን ከጎን ገብቶ የምናየውን ንጣፍ ብቻ ያበራል፤ ካሜራው ከላይ ሆኖ ያነሣል። ሲደንቶፍና ዚግሞንዲ በ1903 በወርቅ ቅንጣቶች የሞከሩትን ዘዴ፣ ሁይስከንና ስቴልዘር ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2004 በሃይድልበርግ ለሕያው ሽል አዋሉት። የዜብራ ዓሣ ሽል አንድ ቀን ሙሉ ከሌንስ ሥር እያደገ መታየት የቻለው በዚህ ነው። የኤሪክ ቤትዚግ ቡድን በ2014 ሉሁን ይበልጥ ስስ አድርጎ ለአንድ ነጠላ ሕዋስ አደረሰው።

ስቴፋን ሄል በ1994 ያቀረበው ስቴድ የተባለው የማይክሮስኮፕ ዘዴ በሌላ ጫፍ ይቆማል። አቤ በ1873 ያስቀመጠውን፣ በግማሽ የሞገድ ርዝመት አካባቢ ያለውን የማይክሮስኮፕ የመለየት ወሰን ያልፋል፤ ለዚህም ሄል በ2014 ኖቤል ተጋርቷል። በትኩረቱ ዙሪያ ያለውን ብርሃን ለማጥፋት የሚጨመረው፣ ቀለበት የሚመስለው ሁለተኛው ሌዘር ግን እጅግ ብርቱ ነው። ለአጭር እይታ እጠቀምበታለሁ፤ ሌሊቱን ሙሉ ለሚቆይ ክትትል ግን አላስብም።

ሥራው የሚጀምረው ከሌዘሩ በፊት ነው። የማሞቂያው ሣጥን 37 ዲግሪ ደርሶ እስኪረጋጋ እጠብቃለሁ፤ አለዚያ ትኩረቱ እየሸሸ ያስቸግራል። 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አረጋግጣለሁ፤ ፊኖል ሬድ የተባለው ቀለም የሌለበት ፈሳሽ እጠቀማለሁ። ሕዋሱን የምፈልገው በተራ ብርሃን ነው። ከዚያ ሌዘሩን ምንም እስከማይታይ አውርጄ ጥያቄዬን ሊመልስ የሚችለው ትንሹ መጠን ላይ እስክደርስ በጥቂት በጥቂቱ እጨምራለሁ። ደቂቃዎች የሚፈጅ እንቅስቃሴን በየሰከንዱ ማንሣት ማባከን ነው። በመጨረሻም እዚያው ሳህን ላይ ሌዘር ያልነካው ቦታ አስቀርቼ፣ ሲነጋ በሁለቱም በኩል የተከፈሉትን እቆጥራለሁ።

ከ2018 ወዲህ ጫጫታ የበዛበትን ምስል የሚያጠሩ የሰለጠኑ ፕሮግራሞች መጥተዋል፤ ሌዘሩን ይበልጥ ዝቅ ለማድረግ ስለሚረዱ ደስ ይሉኛል። ሆኖም ያልነበረ ነገር ሊሥሉ ስለሚችሉ ጥሬውን ምስል ሳላይ አላምናቸውም።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩም ሆነ የሕያው ሕዋስ ቪዲዮ ለምታዩ ሁሉ የምለምነው አንድ ጥያቄ እንዳትረሱ ነው፦ ሌዘር ካልነካቸው ሕዋሳት በዚያው ሰዓት ውስጥ ስንቱ ተከፈሉ? ያልተቆጠረ ከሆነ ሙከራው ገና አላለቀም።