ጊዜን የዘነጋ የኦስሞሲስ ትምህርት

በሕክምና ትምህርት ቤት ኦስሞሲስን የተማርነው ሕዋስን እንደ ከረጢት በመቁጠር ነው፤ በውጭ ጨው ሲበዛ ይጨማደዳል፣ ሲያንስ ያብጣል። ትምህርቱ ስሕተት የለበትም፤ ጉድለቱ በዚያ ማብቃቱ ነው። ሕዋስ ለውጡን ተገንዝቦ ራሱን ያስተካክላል። የሽንት ክምችት ከደም አራት እጥፍ በሚደርስበት በኩላሊት ውስጠኛ ክፍል፣ ኤንፋት-5 የተባለው ፕሮቲን ወደ ኒውክሊየስ ገብቶ ሶርቢቶል የሚሠራውን ኢንዛይም፣ እንዲሁም ቤታይንና ኢኖሲቶልን የሚያስገቡትን አጓጓዦች ጂኖች ያነቃቃል። ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል።

ብዙ የላቦራቶሪ ሙከራዎችም ይህንኑ ዘንግተው ጨውን በአንድ ጊዜ ይጨምራሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የአይጥ ኩላሊት ሕዋሳት ጥናት ግን ጭማሪው ቀስ በቀስ ሲሆን ሕዋሳቱ እጅግ የላቀ ክምችት እንደሚቋቋሙ አሳይቷል። ገዳዩ መጠኑ ብቻ ሳይሆን ፍጥነቱም ነው።

ነገሩ ከሕመምተኛ አልጋ የራቀ አይደለም። የደም ሶዲየም ለቀናት ዝቅ ብሎ ሲቆይ የአንጎል ሕዋሳት ኢኖሲቶልንና መሰሎቹን አስወጥተው እብጠትን ይከላከላሉ፤ መልሶ ለማከማቸት ግን ቀናት ይፈጃል። ሶዲየሙን በአንድ ሌሊት ወደ መደበኛው ብንመልሰው የነርቭ ሽፋን ሊፈርስ፣ ሕመምተኛውም መናገርና መዋጥ ሊሳነው ይችላል። «በ24 ሰዓት ከ8 ሚሊሞል በሊትር አታሳልፍ» የሚለውን ተረኛ ሐኪም ሁሉ በቃሉ ይዞታል። ገደቡ ዛሬም ያከራክራል፤ ቁጥሩን ብቻ የያዘ ሐኪም ግን ክርክሩን በምን ይመዝነዋል? በአንደኛው ዓመት በሚሰጠው የኦስሞሲስ ሥዕል ላይ አንድ የሰዓት መስመር መጨመር ይህን ያህል የሚከብድ አይመስለኝም።