ሩቁ ብልሽትና የባቡር ኤሌክትሪክ መከላከያ

በጣና ዳር የባቡር ሐዲድ ገና አልተዘረጋም። ነገር ግን የሐይቁ ውሃ በግንቦት 2002 ዓ.ም. በተመረቀው የጣና በለስ ጣቢያ ተርባይኖችን እያዞረ ለብሔራዊው መረብ ኀይል ይሰጣል፤ የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርም፣ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው ባቡርም በአገራችን ምድር የሚመገቡት ከዚሁ መረብ ነው። ስለዚህ የባሕር ዳር ተማሪ ስለ ባቡር ኀይል መከላከያ ቢመራመር ከደጁ የራቀ ነገር ጀመረ አይባልም።

ባልንጀሮቻችን በዚህ ርእስ የሚያቀርቧቸውን ጥናቶች ስናነብ ትጋታቸውን እናደንቃለን። የምንነቅፈው አንድ ልማድ ነው፤ ይኸውም ሾርት ሰርኪቱን ሁልጊዜ ከማከፋፈያ ጣቢያው አጠገብ አድርጎ መገመት ነው። በዚያ ስፍራ ከረንቱ እጅግ ስለሚበዛ ብሬከሩ ወዲያው ይቆርጣል፤ ጸሐፊውም መከላከያው አስተማማኝ ነው ብሎ ይደመድማል። እኛ ግን እውነተኛው ፈተና ያለው በመስመሩ ጫፍ ነው እንላለን።

ነገሩን በቁጥር እንየው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር የሚሄደው በ750 ቮልት ቀጥተኛ ከረንት ነው። ለምሳሌ ያህል፣ በቅርብ ብልሽት ጊዜ ጠቅላላው ሬዚስታንስ 0.03 ኦም ቢሆን 25,000 አምፔር ይፈሳል። ብልሽቱ ሩቅ ሆኖ ሬዚስታንሱ 0.25 ኦም ቢደርስ ግን የሚፈሰው 3,000 አምፔር ብቻ ነው። ሁለት ባቡሮች አብረው ሲነሡ እያንዳንዳቸው 1,600 አምፔር ቢስቡ ጤነኛው ጭነት ከብልሽቱ በለጠ ማለት ነው። ብሬከሩ ከ3,200 አምፔር በላይ እንዲቆርጥ ቢደረግ ሩቁን ብልሽት ሳያየው ሽቦው ይግላል፤ ቢወድቅም ኤሌክትሪክ እንደያዘ በሰው መካከል ይተኛል። ከ3,000 በታች ቢደረግ ደግሞ ባቡሩ በተነሣ ቁጥር መንገደኛው ይጉላላል።

እንግዲህ የከረንቱ መጠን ብቻውን ምስክር ሊሆን አይበቃም፤ አነሣሡም መጠየቅ አለበት። ባቡር ሲነሣ ከረንቱ በመቈጣጠሪያው እየተገታ በደረጃ ይጨምራል፤ ብልሽት ግን በአንድ ዝላይ ይወጣል። የጭማሪውን ፍጥነትና የዝላዩን መጠን በአንድነት የሚመዝን ሪሌ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ደግሞም መስመሩ ከሁለት ጣቢያዎች የሚመገብ ከሆነ ለአንዱ የራቀው ብልሽት ለሌላው ይቀርባል፤ ስለዚህ ቅርቡ ሲቆርጥ ለሩቁ ምልክት ልኮ እንዲያስቆርጠው ማድረግ ይቻላል።

ይህንኑ ስሌት እንዳለ ወደ ጅቡቲው መስመር ማሻገርም አይገባም። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ያ መስመር የሚሠራው በ25,000 ቮልት ተለዋዋጭ ከረንት ነው፤ በዚያ ዐይነቱ መስመር የቮልቴጅንና የከረንትን ንጽጽር፣ እንዲሁም በመካከላቸው ያለውን ማእዘን እያየ የብልሽቱን ርቀት የሚለይ ሪሌ ይሠራል።

ከእንግዲህ የሚጻፍ ጥናት ሁሉ የሩቁን ብልሽት ከከባዱ የባቡር ጭነት ጋራ በአንድ ገጽ አስተያይቶ ያሳየን። ለመጀመሪያው ሙከራ ባትሪ፣ ጥቅል ሽቦ፣ ሬዚስተርና ኦሲሎስኮፕ ይበቃሉ፤ እነዚህም በቤተ ሙከራ የሚገኙ ናቸው። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ነው።