የ«ኦሮማይ» ፍቅር ከድንበር ማዶ ሲነበብ

በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. ሲያሳትም አስመራ ባዕድ አገር አልነበረችም። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደዚያች ከተማ ሲበር የተሻገረው ተራራና ደመና እንጂ ድንበር አልነበረም። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ አገር ከሆነች ወዲህ ግን ያው ልቦለድ ሳይታሰብ የውጭ አገር ጉዞ ታሪክ ሆኗል። ይህ ለሞያሌ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ሰላማዊ ሰዎች በወታደሮች ጥይት ተገድለው ሺዎች ወደ ኬንያዋ ሞያሌ ሲሸሹ፣ የጎረቤት ሰፈር ባንድ ጀንበር የስደት አገር ሲሆን አይቷል።

የታሪኩ መነሻ የታወቀ ነው። በ1974 ዓ.ም. የተጀመረውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ ፕሮፓጋንዳ እንዲመራ ፀጋዬ ወደ አስመራ ይላካል። እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ትቶ ሄዶ ከአስመራዋ ፊያሜታ ጊላይ ፍቅር ይወድቃል። ፊያሜታ ደግሞ ከሽምቅ ተዋጊዎቹ ጋር ንክኪ እንዳላት የምትጠረጠር ሴት ናት።

ስለ መጽሐፉ ሲወራ ይህ ፍቅር ለፖለቲካው ወጥ እንደ ማጣፈጫ ተቆጥሮ ይታለፋል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ መጽሐፉ ከገበያ ተሰብስቧል፣ ደራሲው ከሥራው ተባርሯል፣ የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣም አልተመለሰም። እንዲህ ያለ ዕጣ የገጠመው ሰው ስለ ፍቅር የጻፈውን መመርመር እንደ ቅብጠት ሳይታይ አልቀረም።

ይሁንና የልቦለዱ የሥነ ምግባር ቋጠሮ ያለው እዚያው ፍቅሩ ላይ ነው። ታሪኩን የሚተርከው ራሱ ፀጋዬ ነው። የፀጋዬ ሙያ ደግሞ ነገርን አሳምሮ ማቅረብ ነው። ስለ ዘመቻው ለሕዝብ የሚናገረውን እየተጠራጠርን፣ ስለ ልቡ የሚነግረንን ያለ ጥያቄ የምንቀበለው ለምንድን ነው? ፊያሜታ በወደደች ጊዜ «ተልእኮ ይሆን?» ትባላለች። እርሱ ግን ከነተልእኮው መጥቶ፣ ጦሩ በሰፈረባት ከተማ የከተማዪቱን ልጅ ሲወድ ፍቅሩ ንጹሕ ስሜት ተደርጎ ይታያል። ጥርጣሬው ወዳንድ ወገን ብቻ አዘንብሏል። በዓሉ ይህን አውቆ ያደረገው ይመስላል፤ ለባለሥልጣናቱ ያልሳሳ ብዕር ለተራኪው ይሳሳል ማለት ያስቸግራልና።

ስለ ሮማን ግን ደራሲውን መከላከል አይቻልም። በአመዛኙ ከሩቅ የምትታይ ሴት ናት፤ በደሉን የምናውቀው ከበዳዩ አፍ ነው። ፊያሜታ ከተማ፣ ጠረንና ቋንቋ ሲሰጣት ሮማን የተሰጣት መጠበቅ ብቻ ነው። ቀለበት ያሰረላት ሰው ጦር ሜዳ ደርሶ ሌላ ሴት ሲወድ፣ ጦርነቱ ይቅርታ መለመኛ ሆኖ ያገለግለዋል። ልቦለዱ ይህን ምክንያት በቅጡ ሳይመረምር አልፎታል።

ርእሱ ከጣሊያንኛ ወደ አስመራ አፍ የገባ ቃል ነው፤ ያበቃለት፣ ያከተመ ነገርን ይገልጻል። ዴቪድ ደጉስታና መስፍን ፈለቀ ይርጉ በ2017 ዓ.ም. በወጣው የእንግሊዝኛ ትርጉማቸው ቃሉን እንዳለ ትተውታል፤ ደግ አደረጉ። አማርኛ፣ ቦረንኛ፣ ሶማልኛና ስዋሂሊ ባንድ ገበያ በሚሰማበት ከተማም ቢሆን እንዲህ ያለውን ቃል ማንም አይተረጉመውም። ናቅፋ ላይ ለከሸፈው ዘመቻ ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝም። ሮማን ግን ቃሉ የተነገረባት እንጂ የተናገረችው አይደለችም።